የመጀመሪያው ስንኝ ብቸኝነት፦ ከአርዲቦ እስከ አምባሰል

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው አርዲቦ በስፋቱ ሐይቅ ተብሎ ከሚጠራው ጎረቤቱ ያነሰ፣ በከፍታው ግን የሚበልጠው፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ሐይቅ ነው። ትርፍ ውኃው በወንዝ ወደ ሐይቅ ሲወርድ የኖረ ሲሆን፣ ከሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ባለመኖሩ የውኃው ጉዞ እዚያው ያበቃል። ከዚህ በስተ ሰሜን ያሉት የአምባሰል ተራሮች ደግሞ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች ለአንዱ ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ባቲም የወሎ ከተማ ስም መሆኑ ሲታሰብ ከአራቱ ሁለቱ በዚሁ አገር ስም ይጠራሉ ማለት ነው። አንድ አገር ለዜማ ስም እስከ ማውጣት ከደረሰ፣ በዚያ አገር ሰው ብቻውን ሆኖ ከተራራና ከውኃ ፊት ሲቆም ምን እንደሚል መመርመር ይገባል። ይህ ደግሞ የሊሪክ ግጥም ጉዳይ ነው፤ ሊሪክ የሚባለው አንድ ሰው በራሱ ድምፅ የውስጡን ስሜት የሚያወጣበት አጭር ግጥም ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው የጥንት ግሪኮች ግጥሙን ያዜሙበት ከነበረው፣ ከክራር ጋር አንድ ወገን ከሆነው የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

የአማርኛ ግጥም ተፈጥሮን ለራሷ ብሎ አያይም፣ ተራራውና ወንዙ ለሰው ጉዳይ መሸፈኛ ሰም ብቻ ናቸው፣ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ትርጉም፣ ከተገኘ በኋላ ሰሙን የሚያስታውሰው የለም የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ ከቅኔ ትምህርት የተወረሰ የአነባበብ ልማድ ስላለው ከመሬት የተነሣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የወሎን የቃል ግጥም ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ ሌላ ነው።

በዚህ የቃል ግጥም ውስጥ በብዛት የሚገኘው በሁለት ስንኝ የሚያልቅ ግጥም ነው። የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ ሲገጠም እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም አሥራ ሁለት የድምፅ ክፍል፣ ይይዝና ከመካከሉ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ተራራ ላይ ስለ ዋለ ጉም፣ ስለ ሞላ ወንዝ ወይም ስለ ደረቀ ሣር ይናገራል፤ ሁለተኛው ድንገት ወደ ሰው ይዞራል፣ ስለ ቀረ ወዳጅ፣ ስለ ሞተ ወንድም፣ ወይም ስላልተመለሰ ቃል። በሁለቱ መካከል የሚያያይዝ ቃል አይገባም፤ የሚያገናኛቸው በመጨረሻቸው ያለው የድምፅ ስምምነት፣ ማለትም ቤት መምታቱ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው ስንኝ ቤት መምቻ ይባላል፣ ለሁለተኛው ሲባል ብቻ የመጣ መሙያ ነው ተብሎም በቀላሉ ይታለፋል። ይህ ንቀት ትልቅ ነገር ያስጥላል። ጉዳዩ ድምፅ ማስማማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከገበያም፣ ከቤት ዕቃም፣ ከየትም የተገኘ ቃል ቤቱን በመታ ነበር፤ ዘፋኙ ግን ደጋግሞ ዓይኑን ወደ ጋራውና ወደ ውኃው ያነሣል። የመጀመሪያው ስንኝ ሰው ብቻውን ሆኖ ዙሪያውን የሚያይበት፣ የልቡን ከመናገሩ በፊት የሚቆይበት ቦታ ነው። ብቸኝነቱ ያለው እዚያ ነው፤ ሁለተኛው ስንኝ ከዚያ ብቸኝነት የሚወጣ ጥሪ ነው።

የአምባሰል ቅኝትም ይህንኑ በድምፅ ያሳያል። ቅኝቱ አምስት ድምፆች አሉት፤ ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን በአንድ ጊዜ የሁለት ሙሉ ድምፅ ዝላይ አለ። ዜማው እዚያው በቆመበት ጥቂት ፈቅ ይልና ወዲያው ገደል ይሻገራል። በዚህ ዜማ ስሟ የገነነው ማሪቱ ለገሰ ስትዘፍን የሚያስለቅሰው ነገር ከግጥሙ እኩል ይህ አካሄድ መሆኑን የሰማት ሁሉ ያውቀዋል። በማሲንቆ ሲሆን ደግሞ አዝማሪው አንዱን ግጥም ጨርሶ በአንዲቷ የጭራ አውታር ዜማውን ብቻ ሲያመላልስ፣ ከአድማጮች አንዱ ተቀበል ብሎ የራሱን ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም የሌላውን ሰው ብሶት በራሱ አፍ አድርጎ ያዜመዋል። ብቻውን የተብሰለሰለ ሰው ስሜቱን የሚያወጣለት ሌላ ድምፅ ያገኛል ማለት ነው።

ብቸኝነትና ተፈጥሮ ሲነሡ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ቀድሞ የሚጠራው እንግሊዛዊው ዊሊያም ዎርድስዎርዝ ነው። ብቻውን ሲንከራተት በሐይቅ ዳር ያየውን የአበባ መስክ የሚያነሣው ዝነኛ ግጥሙ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1807 ቢሆንም፣ አበቦቹ የታዩት ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ነው፤ በዚያ ዕለትም አብራው የነበረችው እህቱ ዶሮቲ ያዩትን በማስታወሻዋ መዝግባዋለች። ከዚህም በላይ በግጥሙ ውስጥ ስለ ብቸኝነት ጸጋ የሚናገሩትን ሁለት ስንኞች ያዋጣችው ባለቤቱ ሜሪ መሆኗን ገጣሚው ራሱ ተናግሯል። የብቸኝነት አብነት የሆነው ግጥም የሦስት ሰዎች እጅ አለበት፤ ይህም ዋጋውን አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ከአዝማሪውና ከተቀበል ባዩ ጋር ያቀራርበዋል።

በአርዲቦ ጎረቤት ብቸኝነት ከዘፈን በፊት የሕይወት ሥርዓት ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የተባሕትዎ፣ ማለትም ከዓለም ተለይቶ የመኖር፣ ታላቅ ማዕከል ሆነ። ከዚሁ ገዳም ትምህርት የቀሰሙት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሌሊቱንና የቀኑን ጸሎት በየሰዓቱ የሚያደርሰውን ሰዓታት የደረሱ ሲሆን፣ የማርያም ውዳሴ የሆነው አርጋኖንም በትውፊት የእሳቸው ድርሰት ነው። በገድላቸው እንደሚተረከው በወጣትነታቸው ትምህርት ቢከብዳቸው እህል እየፈጩ ገዳሙን አገልግለዋል። መጅ ይዞ ከወፍጮ ጋር ሲታገል የሚያድር ተማሪ በኋላ የሰዓታት ደራሲ መሆኑ፣ ይህ የግጥም ወግ ምን ያህል ከብቻ ሌሊት እንደተቀዳ ያሳያል።

በወሎ ሙስሊሞች ዘንድም ኸልዋ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሸኹ ከሰው ተለይቶ በዚክር፣ ማለትም አላህን ደጋግሞ በማውሳት፣ የሚቆይበት ጊዜና ስፍራ ነው። ከዚህ ዓይነት ኑሮ የበቀለው መንዙማ ግን በኸልዋ ተዘግቶ አይቀርም፤ ወደ ሐድራው፣ ወደ ጉባኤው ይወጣና አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ በድቤ ይዜማል። ገዳምተኛውም፣ ሸኹም፣ ከብት የሚጠብቀው እረኛም በዚህ ይገናኛሉ፤ ብቻቸውን ያገኙትን ለማኅበር ያመጣሉ። በዚያው በአምባሰል ምድር በግሸን አምባ ላይ ተወስነው ይኖሩ የነበሩት የነገሥታት ልጆች ብቸኝነት ከዚህ ይለያል፤ እሱ በሌላ ሰው ፈቃድ የተጫነ ነበርና።

የጽሑፍ ግጥሙስ? ሰለሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው ልጅነት በተሰኘው የግጥም መጽሐፉ የግለሰብን ውስጣዊ ድምፅ ለአማርኛ ግጥም በድፍረት ከፈተ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከአገር ርቆ ባለ ሰው ዓይን የአገርን አየርና መሬት ጻፈ። የሁለቱ ውርስ ክቡር ነው። ከእነሱ ወዲህ በመጣው ብዙ ግጥም ላይ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር ይታያል፤ ብቸኝነቱ በርክቷል፣ ስፍራው ግን ጠፍቷል። ተራራው ስም የለውም፣ ሐይቁ የትም ሊሆን የሚችል ሐይቅ ነው፣ ጨረቃዋም ከመጽሐፍ የመጣች ትመስላለች። የቃል ገጣሚው አምባሰልን በስሙ ጠርቶ ሲያነጋግረው፣ የከተማው ገጣሚ ተፈጥሮ የምትባል አንዲት ረቂቅ ነገር ያናግራል። አርዲቦ ዳርቻው በመስኖ የሚታረስ፣ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ውኃው ሲጎድልና ሲሞላ ባለአገሩ የሚያውቀው የታወቀ ሐይቅ ነው፤ ሊጠራ የሚገባውም በስሙ ነው።

ጉድለቱ የገጣሚዎች ብቻ አይደለም፤ የሥነ ቃል አሰባሰቡም ድርሻ አለው። ፈቃደ አዘዘ በሰሜን ሸዋ ስለ ድርቅና ረሃብ የተገጠሙ የቃል ግጥሞችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ማሳተማቸው፣ የገበሬ ግጥም ለከባድ ጥናት እንደሚበቃ አሳይቷል። የአምባሰልና የሐይቅ አካባቢ ግጥሞች ሲሰበሰቡ ግን የመጀመሪያው ስንኝ መሙያ ነው ተብሎ ከታለፈ፣ የትኛው ጋራ እንደተጠራና ገጣሚው የት ቆሞ እንዳየው ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህንን የሚያውቁት ግጥሙን ከነቦታው የሚያስታውሱት የአገሬው አዛውንት ናቸው፤ ለደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ አርዲቦ ሩቅ አይደለም፣ ጉዞው በአንድ ቀን ደርሶ የሚመልስ ነው።