የተቆጠሩት ሲናገሩ

የጦርነት ዜና በሚሠራጭበት ጊዜ ቁጥር ይቀድማል። በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ፣ ይህን ያህል ቤት ፈረሰ ይባላል። የጥፋትን መጠን የሚያሳይ፣ ለፍርድም ለታሪክም የሚያገለግል መረጃ ነውና የቁጥርን አስፈላጊነት አንክድም። ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን የቀረ እንደሆነ ሟቹ በዚያን ዕለት ጠዋት ወዴት ሊሄድ አስቦ እንደነበር፣ ቤት ውስጥም ማን ይጠብቀው እንደነበር አይናገርም። ከዚህም በላይ ቆጣሪውና ተቆጣሪው አንድ አይደሉም። በአሠሪ መዝገብ ውስጥ የሥራ ሰዓትና የቀን ሒሳብ ብቻ ሆኖ መስፈር ምን ማለት እንደሆነ ለሠራተኛው አንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለመሆኑ የአንድን ሕዝብ መከራ የመተረክ መብት የማን ነው? የፍልስጥኤም ወጣት ጸሐፊዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ግልጽ ነው፤ መከራውን የቀመሰው ሕዝብ ራሱ ተራኪ ካልሆነ በስተቀር ሌላው የሚተርክለት ታሪክ ወይ ይጎድላል፣ ወይ ይጣመማል።

ይህ መልስ በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ከ700,000 የማያንሱ ፍልስጥኤማውያን ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ጋሳን ከናፋኒ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ከአካ ከተማ ተሰዶ፣ ኋላም በስደተኞች ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ አደገ። በ1963 ያሳተመው «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» የተሰኘው ልብ ወለድ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ኩዌት ለመሻገር በባዶ የውኃ ቦቴ ውስጥ ተደብቀው ሳለ በሙቀት ታፍነው ስለሞቱ ሦስት ፍልስጥኤማውያን ይተርካል። ሦስቱም የቦቴውን ግድግዳ ሳይመቱ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ሞቱ። የፍልስጥኤም ነፃነት ሕዝባዊ ግንባር ቃል አቀባይ የነበረው ከናፋኒም በጁላይ 1972 ቤይሩት ውስጥ በመኪናው ላይ በተጠመደ ፈንጂ ከእኅቱ ልጅ ጋር ተገደለ። የዛሬዎቹ ወጣቶች ሥራ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው፤ እነርሱ ግድግዳውን እየመቱ ናቸውና።

የእነዚህ ወጣቶች ተጨባጭ ሁኔታ ምን ይመስላል? የጋዛ ሰርጥ ስፋቱ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተጨናንቆ ይኖርበታል። ከ2007 ጀምሮ እስራኤል በየብስ፣ በባሕርና በአየር ዘግታዋለች፤ ግብፅም በበኩሏ የራፋህን በር ስትዘጋና ስትከፍት ኖራለች። በ2005 ጋዛ ውስጥ የተወለደ ልጅ 17 ዓመት ሳይሞላው በ2008፣ በ2012፣ በ2014 እና በ2021 የተነሡ አራት ጦርነቶችን አሳልፏል። ብዙው ወጣት ከሰርጧ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ ሰውነቱ መውጣት ካልቻለ ቃሉን ማውጣት ነበረበት።

በጋዛ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ሪፋት አል-አሪር ይህን ከተገነዘቡት አንዱ ነው። ተማሪዎቹን ሼክስፒርን ከማስተማር ጋር የገዛ ቤታቸውን ታሪክ እንዲጽፉ ያተጋቸው ነበር። የዚህ ጥረት ፍሬ የሆነውና በ2014 የታተመው መድብል የ15 ወጣት ደራስያንን 23 አጫጭር ልብ ወለዶች የያዘ ሲሆን ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በባዕድ ቋንቋ መጻፍ ራስን መካድ አይደለምን? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ እንደምናየው ግን ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለ እነርሱ ሲወሰንና ሲወራ የኖረው በዚያ ቋንቋ ነውና፣ መልሱም ወሳኞቹ በሚሰሙት ቋንቋ መሰጠት ነበረበት።

በዚያው በ2014 ክረምት አሕመድ አልናዑቅ የተባለ የጋዛ ወጣት ወንድሙን በጦርነት አጣ። በሐዘን ተውጦ ሳለ አንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ስለ ወንድሙ እንዲጽፍ መከረችው፤ ጻፈም። ከዚህች አንዲት ጽሑፍ ተነሥቶ በ2015 «ቁጥሮች አይደለንም» የተሰኘ የወጣት ጸሐፊዎች ማኅበር ተቋቋመ። የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው፤ ጀማሪውን ወጣት በሌላ አገር ከሚገኝ ልምድ ካለው ጸሐፊ ጋር ያገናኛል፤ አማካሪው ቋንቋውን ያርማል እንጂ ታሪኩን አይነጥቅም።

ከዚያም ኦክቶበር 7 ቀን 2023 መጣ። በሐማስ መሪነት በእስራኤል ላይ በተፈጸመው ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ 251 ሰዎችም ታግተው ተወሰዱ። እስራኤል በጋዛ ላይ በከፈተችው ጦርነት ደግሞ የጋዛ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው የተኩስ አቁም እስከተደረሰበት እስከ ኦክቶበር 2025 ድረስ ከ67,000 በላይ ፍልስጥኤማውያን ሞቱ። በጦርነቱ ዘመን የውጭ አገር ጋዜጠኞች በእስራኤል ጦር ታጅበው ካልሆነ በስተቀር ወደ ሰርጧ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በመሆኑም ምስክርነቱ በሙሉ በነዋሪው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ወጣቶቹ በድንኳን ውስጥ፣ በውኃና በዳቦ ሰልፍ ላይ፣ ስልካቸውን በፀሐይ ኃይል እየሞሉ ጻፉ።

የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ልብ ወለድ ደራሲዋና ባለቅኔዋ ሂባ አቡ ናዳ በኦክቶበር 2023 በ32 ዓመቷ ተገደለች። ሪፋት አል-አሪር በዲሴምበር 2023 በአየር ድብደባ ከእኅቱና ከልጆቿ ጋር ሞተ። አሕመድ አልናዑቅ ለንደን ውስጥ ሳለ ኦክቶበር 22 ቀን በአንድ ድብደባ አባቱን፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን፣ ልጆቻቸውንም ጨምሮ 21 ዘመዶቹን አጣ። «ቁጥሮች አይደለንም» ብሎ የተነሣው ሰው «21» የሚል ቁጥር ተሰጠው። እርሱ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ስለ ሟቾቹ ለዓለም መናገሩን ቀጠለ።

አንዳንዶች «ጽሑፍ ቦምብ አያቆምም፤ ታዲያ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ አያቆምም። ባለቅኔው ሞስአብ አቡ ጦሃ በ2025 ስለ ጋዛ በጻፋቸው መጣጥፎች የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል፤ በ2017 ያቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ግን ከመፍረስ አልዳነም። የጽሑፍ ተግባር ሌላ ነው። ግፍ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ መጀመሪያ በሰውየው ላይ፣ ቀጥሎም ድርጊቱን በመካድ በመታሰቢያው ላይ። የመጀመሪያውን ብዕር አይገታውም፤ ሁለተኛውን ግን ይገታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ነገር ግን የተወጋውም ይሞታል። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው የተጻፈው ነው።

ሌሎች ደግሞ የአንዱን ወገን ሐዘን መስማት የሌላውን መካድ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በኦክቶበር 7 የወደቁት እስራኤላውያንም ስምና ታሪክ ነበራቸው፤ ሰውን ቁጥር አናድርግ የሚል መርሕ ለሁሉም የሚሠራ ካልሆነ መርሕ አይባልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። እነዚህን ወጣቶች በሞታቸው ብቻ ማድነቅ ራሱ መልሶ ቁጥር ማድረግ ነው። እነርሱ የጻፉት ስለ ሞት ብቻ አይደለም፤ ስለ ባሕሩ ዳርቻ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ አያታቸው የወይራ ዛፍም ጽፈዋል። ሕይወት እንደነበራቸው እንጂ እንደሞቱ ብቻ እንዲታወቅላቸው አልፈለጉም።

ስለዚህ ከአንባቢው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ዜናው ቁጥር ሲነግረን ቁጥሩን ሰምተን አንለፍ። ከመካከላቸው የጻፈ ማን ነው? ምንስ ብሎ ጻፈ? ብለን እንጠይቅ፤ ፈልገንም እናንብብ። የቦቴው ግድግዳ እየተመታ ነው፤ ከውጭ ያለነው አልሰማንም ልንል አንችልም።