5 መሆናቸውን ማን ነገረን?

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የወሰደ ሁሉ “የሲ6ኤች14ን 5 አይሶመሮች ጻፍና ሰይም” የሚለውን ጥያቄ ሳያውቀው አይቀርም። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥያቄ ትልቁ ጉድለት 5 የምትለዋ ቁጥር ናት።

ቁጥሩ ከተነገረ ለተማሪው የሚቀረው ችከላ ብቻ ነው። በፈተናው ዋዜማ 5 ስም ሸምድዶ ሙሉ ማርክ ይዞ ይወጣል። ታዲያ ይኸው ተማሪ ሲ7ኤች16 ቢሰጠውስ? የመዋቅር አይሶመሮቹ 9 ናቸው። የሲ10ኤች22 ደግሞ 75 ይደርሳሉ። 75 ስም ማን ሸምድዶ ይዘልቀዋል?

ቁጥሩን ራሳችን ልንደርስበት እንችላለን። በመጀመሪያ 6ቱን ካርቦኖች በአንድ ሰንሰለት እንደርድራቸው፤ ሄክሴን ነው። ቀጥለን ሰንሰለቱን ወደ 5 እናሳጥርና የተረፈውን ካርቦን ቅርንጫፍ እናድርገው። 2ኛው ላይ ሲሆን 2-ሜታይልፔንቴን፣ 3ኛው ላይ ሲሆን 3-ሜታይልፔንቴን ይባላል። 4ኛው ላይ ብናደርገው ከሌላው ጫፍ ሲቆጠር ያው 2ኛው ነው። ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ሄክሴን ይሆናል። ወደ 4 ካርቦን ስንወርድ 2,2-ዳይሜታይልቢውቴንና 2,3-ዳይሜታይልቢውቴን ይገኛሉ።

እዚህ ላይ “2-ኤታይልቢውቴን” ብሎ 6ኛውን ያገኘ የሚመስለው አይጠፋም። ረጅሙን ሰንሰለት ሲፈልግ ግን 5 ካርቦን ያገኛል፤ ስሙም 3-ሜታይልፔንቴን ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰንሰለቱ 3 ከሆነ ደግሞ መሃለኛው ካርቦን የሚይዘው 2 ሜታይል ብቻ ስለሆነ አንድ ካርቦን ቦታ ያጣል። በቃ፣ 5 ናቸው!

እንግዲህ ስያሜ ጌጥ ሳይሆን ዳኛ ነው። በትክክል የተሰየሙ ሁለት ስዕሎች አንድ ስም ከወጣላቸው፣ የመዋቅር አይሶመሮች አይደሉም፤ ያው አንድ መዋቅር ናቸው።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻም አይደለም። ሲ8ኤች18 18 የመዋቅር አይሶመሮች አሉት። ከነዚህ አንዱ 2,2,4-ትራይሜታይልፔንቴን የቤንዚን ጥራት ሲለካ ኦክቴን ቁጥሩ 100 ተብሎ መለኪያ የሆነ ነው። ቀጥተኛው ኦክቴን ግን፣ ፎርሙላቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከዜሮ በታች ነው። ሞተር ፎርሙላ አያነብም፤ የሚያውቀው ቅርንጫፉን ነው።

አንዳንዶች “ቁጥሩ ካልተነገረ ተማሪው ፈተና ላይ ጊዜ ይፈጅበታል” ይላሉ። እውነት ነው፣ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ይቀነሱ እንጂ ማሰቡ አይቀነስ። መምህሮቻችን በሚቀጥለው ፈተና እንዲህ ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለኛል፦ “የሲ6ኤች14ን አይሶመሮች በሙሉ ሰይም፤ ሌላ አለመኖሩንም አስረዳ።” ለመጨረሻዋ ሐረግ ግማሹ ማርክ ይሰጥ። ያኔ የሸመደደና የገባው ይለያል።