ቧሂት ከመውጣት በፊት

የእጃጂ ወጣቶች የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የመኪናውን ኪራይ ነው። መቅደም ያለበት ግን የመመለሻው ሰዓት ነው።

በፓርኩ ውስጥ ካለው የጨነቅ ካምፕ ተነስቶ 4,430 ሜትር ከፍታ ያለውን የቧሂትን ጫፍ ረግጦ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ሆኖም እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የኳስ ሜዳ ጉልበት አያድንም። ራስ ምታቱ ከበረታና ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት፣ ጫፉ በእጅ የሚነካ ቢመስልም መድኃኒቱ መውረድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ደባርቅና ሳንቃ በር ማደር የግድ ነው። በዕለቱ ማለዳ 12 ሰዓት መነሳት፤ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን የትም ቢደረስ ፊትን ማዞር።

ለስንቅ ከጭኮ የሚበልጥ አላውቅም። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ቦርሳ አይሞላም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥቂቱ ብዙ ያስኬዳል።

የፓርኩን ስካውት እንደ ትርፍ ወጪ የሚቆጥሩ አሉ፤ ፈጽሞ አልስማማም። ዋልያው በየትኛው ገደል ጥግ እንደሚውል፣ ጉም ሲወርድ የቱ መንገድ እንደሚያወጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከቧሂት በፊት ደግሞ የወንጪ ተራራ አለልን፤ ከፍታው 3,386 ሜትር። እስከ ሐይቁ ወርዶ ዳገቱን ያለ ፈረስ ያልወጣ ሰው ለቧሂት ገና ነው። ወደ ስሜን ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰላም ደውሎ ማጣራት የግድ ነው፤ መንገዱ ካልተመቸ ዘንድሮ ወንጪና ደንዲ ይበቁናል።