ለከዋክብት ፎቶ የሚገዛው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ይሁን

ከከዋክብት ክበብ አባላት

የወላጆች ኮሚቴ ለክበባችን አንድ ኮምፒውተር እንዲገዛ ከተስማማ ወዲህ በግቢያችን ኮምፒውተር የማይመርጥ ሰው የለም። አንዳንዱ «ለጌም የተሠራ ላፕቶፕ ይገዛ፤ ከእሱ የሚበልጥ የለም» ይላል። ሌላው «ቀጭኑና ስመ ጥሩው ላፕቶፕ ይሁን፤ ለመያዝም ይቀላል» ይላል። «ስልካችሁ ፎቶ ያነሳ የለም ወይ? ኮምፒውተሩ ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ገንዘቡ የተዋጣው ከወላጆቻችን ኪስ ስለሆነ የሁሉም ሐሳብ ሊደመጥ ይገባል። የምንሠራበት ደግሞ እኛ ነንና የበኩላችንን እንድንል ይፈቀድልን። የሚገዛው ላፕቶፕ ሳይሆን ቢሮ ያገለገለ ጠንካራ ዴስክቶፕ ይሁን እንላለን። የሚተርፈው ገንዘብ በራም፣ በኤስኤስዲና በጥሩ ስክሪን ላይ ይዋል። ኮምፒውተሩም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ የሁሉም ተማሪ ይሁን።

በመጀመሪያ «ስልክ አይበቃም ወይ?» ለሚለው መልስ እንስጥ። ከጅቡቲ ከተማ መብራት ርቀን ወደ አሳል ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰማዩን ስናነሳ ያለን የተዋስነው ካሜራ፣ የ50 ሚሊሜትር ሌንስና ተራ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ምድር ስለምትዞር ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ከፍተን ብንተወው ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። የሰማዩን ጉዞ እየተከተለ ካሜራውን የሚያዞር መሣሪያ ያለው ሰው አንዱን ፎቶ ለደቂቃዎች ማንሳት ይችላል። እኛ ግን መሣሪያው ስለሌለን እያንዳንዱን ፎቶ በ3 ሰከንድ እናቆማለን። የ3 ሰከንድ ፎቶ ብቻውን ሲታይ ጨለማ ነው፤ ኖይዝ የሚባለው ሽፍታ የመሰለ ነጠብጣብም ሞልቶበታል። ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ማለትም የኦሪዮን ኔቡላ፣ በዚያ ፎቶ ውስጥ ቢታይ እንደ ትንሽ ጭስ ነው።

መፍትሔው ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረብ ነው። ባለ 3 ሰከንድ 300 ፎቶ ብናነሳ የ15 ደቂቃ ብርሃን ሰበሰብን ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በየፎቶው ያሉትን ከዋክብት ለይቶ አንዱን በሌላው ላይ ይገጥማል፤ ከዚያም አማካዩን ያወጣል። ኮከቡ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ስለሚገኝ ይጸናል፤ ኖይዙ ግን በየፎቶው ስለሚለያይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስሌቱ የፎቶው ብዛት ስኩዌር ሩት ነው፤ 100 ፎቶ ቢደረብ ኖይዙ ከነበረበት ወደ አንድ አሥረኛ፣ 300 ቢደረብ ወደ አንድ አሥራ ሰባተኛ ገደማ ይወርዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

ችግሩ ድሩ ሰፊ ቦታ መፈለጉ ነው። ካሜራችን 24 ሜጋፒክስል ነው። አንዱ ጥሬ ፋይል 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን 300ው 7.5 ጊጋባይት ይሞላል። ይህ ብዙ አይደለም። ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዋጋ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም ቀለም 4 ባይት ይመድባል። 24 ሚሊዮን በ3፣ እሱም በ4 ሲባዛ 288 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ የአንዱ ፎቶ ብቻ ነው፤ የ300ው 86 ጊጋባይት ያልፋል። ፎቶዎቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ያንኑ የሚያህል ሌላ ቅጂ ይጻፋል። ስለዚህ ለ15 ደቂቃ ብርሃን ከ170 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ እንጠየቃለን። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ የፎቶ ማንሻው መሣሪያ ቀላል በሆነ ቁጥር የፎቶው ብዛት ይጨምራል፣ የኮምፒውተሩም ሸክም ይከብዳል። ደህና ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ለሌለው ክበብ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንወዳለን።

አንደኛው ራም ነው። 8 ጊጋባይት ራም እንዲህ ባለው ሥራ ይጨነቃል፤ በ16 መሥራት ይቻላል፤ በ32 ግን ተማሪው ሳይሰለች ይሠራል። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ቀጭን ላፕቶፕ ተገዝቶ ቢመጣልን ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንብናል። ዴስክቶፑ ግን ተከፍቶ ይጨመርበታል፤ ዘንድሮ 16 ብንገዛ ለከርሞ ሌላ 16 እንሰካበታለን።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው። ያንን 86 ጊጋባይት አንድ ጊዜ ለማንበብ፣ በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነብ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። 500 የሚያነብ ተራ ኤስኤስዲ ወደ 3 ደቂቃ ያወርደዋል፤ 3,000 የሚያነብ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያነበውና የሚጽፈው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የእኛ የክበብ ሰዓት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መሆኑን አስቡ፤ ዲስኩ ሲንፏቀቅ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ለሥራ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለማስቀመጫ ይበቃናል።

ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። የቅርብ ጊዜው ካልሆነ አይባል። ባለ 6 ኮር የሆነ የቢሮ ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ የኢንቴል 8ኛው ትውልድ አይ ፋይቭ፣ ሥራችንን ይወጣል። አራተኛው ስክሪኑ ነው። በጥቁር ሰማይ ላይ ያለ ደብዛዛ ቀይ ደመና ጭንቅላት ዘንበል ሲል ቀለሙ በሚለወጥ ስክሪን አይዳኝም፤ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት 24 ኢንች ስክሪን ይገዛልን። አራት ተማሪ ቁጭ ብሎ አብሮ ያየዋል።

ግራፊክስ ካርዱ ከሁሉም መጨረሻ ይምጣ። ለጌም የተሠራው ላፕቶፕ ዋጋው የሚወደደው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። እውነት ነው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኖይዝ የሚያጠፉና ከዋክብትን ከደመናው የሚለዩ አዳዲስ ፕሮግራሞች በጥሩ ግራፊክስ ካርድ በጣም ይፈጥናሉ። ነገር ግን እነሱ የሚሠሩት ተደራርቦ ባለቀው አንድ ፎቶ ላይ ነው። እዚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብንጠብቅ አንጎዳም። እኛ የምንጠቀምበት ሲሪል የተባለው ነፃ ፕሮግራም 300ውን ፎቶ ሲደራርብ የሚደገፈው በፕሮሰሰሩ፣ በራሙና በዲስኩ ነው።

የአገሩ ሙቀትም አይረሳ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስም አቧራውን ይዞ ይገባል። ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠባብ በሆነው የላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ይህ ቶሎ ይመጣል። የዴስክቶፕ ማራገቢያ ትልቅ ነው፤ አቧራውንም ማንኛችንም ከፍተን በብሩሽ እናጸዳዋለን።

«ላፕቶፕ ግን ሜዳ ድረስ ይሄዳል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በካሜራና በማቆሚያ ብቻ ለምንሠራው ሥራ ግን ኮምፒውተር ሜዳ ላይ አያስፈልገንም፤ ፎቶው በካሜራው ሜሞሪ ካርድ ላይ ተመዝግቦ ይመለሳል። አሸዋና ጨዋማ አየር ባለበት ቦታ የትምህርት ቤቱን ንብረት ይዞ መዞርም የሚመከር አይደለም።

«የወላጅ ገንዘብ አሮጌ ዕቃ ላይ አይፈስም» የሚሉንንም እናከብራለን። ሆኖም ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስለቆመ፣ ብዙ ቢሮዎች ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ኮምፒውተሮቻቸውን እየለወጡ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ሲሪል በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ሊኑክስም እንደ ሲሪል በነፃ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 8ኛው ትውልድ ቢገኝ እሰየው፤ ባይገኝም ከዚያ ቀደም ያለው በሊኑክስ ያገለግለናል። በከተማው ተዘዋውረን እንደጠየቅነው በአንድ አዲስ የጌም ላፕቶፕ ዋጋ ያገለገለው ዴስክቶፕ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ ስክሪኑና መብራት ሲጠፋ ሥራችንን የሚያድንልን ዩፒኤስ ተደምረው ይገዛሉ።

እስካሁን ያልነው ስለ ዕቃው ነው። ከሁሉ የሚበልጥብን ጉዳይ ግን ማን ይጠቀምበታል የሚለው ነው። ዛሬ ፎቶውን የሚያቀናብሩት ቤታቸው ደህና ላፕቶፕ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን እንቅልፍ አጥተን አብረን ያነሳነውን ፎቶ አልቆ በስልክ ሲላክልን እናያለን። እነሱን አንወቅስም፤ ሥራውን ባይሠሩልን ምንም አይኖረንም ነበር። ግን ፎቶ ማየትና ፎቶ መሥራት አንድ አይደለም። ክበቡ ላፕቶፕ ቢገዛ ያው ይደገማል። ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳው የአንድ ሰው ነው። ለጥበቃ ሲባል ቢሮ ይቆለፍበታል፣ ወይም ጎበዝ ለተባለው ተማሪ በአደራ ይሰጣል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዴስክቶፕ ግን ተራ ይያዝለታል። የ7ኛ ክፍሏ ተማሪ ማክሰኞ፣ የ5ኛ ክፍሉ ሐሙስ ይቀመጡበታል።

ይህን የምንለው ለጨዋታ አይደለም። ጥሬ ፎቶ ከካሜራው የራሱ ጉድለት የሚጸዳባቸው ደረጃዎች በእንጦጦ ባሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩ ተመራማሪዎችም የሚያውቋቸው ናቸው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት የምድርን ምስል ሲልክ፣ ምስሉን አጽድቶ የሚያነብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ መማር ጀምሯል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የኮምፒውተሩ ሳጥን ይከፈት፤ የራም መሰኪያው ስንት እንደሆነ ይቆጠር፤ ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት ቦታ መኖሩ ይታይ፤ ኮምፒውተሩም ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ በዝቶበት ሳይጠፋ መቆየቱ ይሞከር። የአይሲቲ መምህራችን አብረው ቢሄዱ ደስ ይለናል። እኛ በበኩላችን የተራ መዝገብ እናዘጋጃለን፤ ጥሬ ፋይሎቹንም በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። በ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ከ130 በላይ እንዲህ ያሉ ምሽቶች ይቀመጣሉ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰኔ ተመርቀው ሲሄዱ ያነሱት ሰማይ አብሯቸው አይሄድም፤ ከእነሱ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ልጅ ይቆየዋል።