የሲኒማ ቤት ጊዜው አልፏልን?
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ፊልም ለማየት የግድ ከቤት መውጣት የሚያስፈልግበት ዘመን አልፏል። ኢንተርኔትና ስልክ ያለው ሰው ሁሉ መኝታው ላይ ጋደም ብሎ የፈለገውን ፊልም በፈለገው ሰዓት ያያል። ስለዚህ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ከእንግዲህ ወዲህ ሲኒማ ቤት ምን ያደርጋል? አዳራሹ ሱቅ ቢሆን አይሻልም?» ሲሉ ይሰማሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ያልተስማማሁበትንም ምክንያት ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ በአጭሩ ለመግለጥ እወዳለሁ።

አስቀድሞ የፊልምን አመጣጥ መመልከት ይገባል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ለሕዝብ ያቀረበው የፊልም መሣሪያ ሣጥን ነበር። ገንዘብ የከፈለ ሰው ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ብቻውን ያያል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሉሚዬር የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ሥዕሉን በነጭ መጋረጃ ላይ አብርተው በአንድ ክፍል ለተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ጊዜ አሳዩ። ከሁለቱ ያሸነፈው የትኛው ነው? ሣጥኑ ተረሳ፤ መጋረጃው ዓለምን ሁሉ ዞረ። እንግዲህ በእጃችን የያዝነው ስልክ በብዙ ነገር ቢሻሻልም፣ አንድን ሰው ለብቻው የሚያሳይ በመሆኑ የኤዲሰን ሣጥን ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ሲኒማ ቤት ሊሞት ነው ሲባልም ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በአሜሪካ በ1946 በየሳምንቱ 90 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲኒማ ይገባ ነበር ይባላል። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ በኋላ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህ ቁጥር ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። የፊልም ሠሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በ1953 ቴሌቪዥን ሊያሳየው የማይችለውን ሰፊ መጋረጃ ይዘው መጡ። በአገራችንም ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም እንደሆነ የሚነገርለት «ሂሩት አባቷ ማነው» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተወለዱ፤ አንዱ ሌላውን አልገደለም።

አሁን የመጣው ፈተና ግን ከቀድሞው የበረታ መሆኑን መካድ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የዓለምን ሲኒማ ቤቶች ባዘጋ ጊዜ ብዙ ሰው ፊልምን በቤቱ ማየት ለመደ። ታላላቅ የፊልም ኩባንያዎችም ፊልሙ ለአዳራሽ ብቻ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጠሩት። ደግሞም ለፍትሕ ሲባል የቤቱን ጥቅም መናገር ያስፈልጋል። አዳራሽ በሌለበት የገጠር ከተማ የሚኖር፣ በሕመም ወይም በእርጅና ከቤት የማይወጣ፣ ልጆቿን ትታ መሄድ የማትችል እናት፣ ከአገር ርቆ የአማርኛ ፊልም የናፈቀው ስደተኛ፣ እነዚህ ሁሉ በኢንተርኔት ተጠቅመዋል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ልበ ደንዳና ነው።

ዳሩ ግን ቤት የማይሰጠው ነገር አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ፊልምም እንዲሁ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሀብታሙና ድኻው፣ ሽማግሌውና ተማሪው በአንድ ጨለማ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቀልድ ይስቃሉ፤ በአንድ ሐዘን ዝም ይላሉ። ስልክ ላይ ፊልሙ ትንሽ ሲከብደን በጣታችን ገፋ አድርገን እናልፈዋለን። በአዳራሽ ግን የሚከብደውንም ነገር እስከ መጨረሻው ታግሠን እንድናይ እንገደዳለን። ትዕግሥት ደግሞ የትምህርት ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአገራችን ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። በአዳራሽ የሚሸጥ ትኬት ሕዝቡ ለሠራተኛው በቀጥታ የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ ተመልካቹ ወደደ ወይም ጠላ የሚለውም ፍርድ እዚያው ፊት ለፊት ይሰማል። በ2007 ዓ.ም. «ላምብ» የተባለው ኢትዮጵያዊ ፊልም በካን የፊልም በዓል ለመታየት መብቃቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ሥራ በባዕድ አገር አዳራሽ ሲጨበጨብለት፣ በገዛ አገሩ በስልክ ብቻ ቢታይ አያሳዝንምን?

የሚያስገርመው ነገር፣ ፊልምን በየቤቱ የሚያደርሰው ኔትፍሊክስ ራሱ በሆሊውድ በ1922 የተሠራውን «ኢጂፕሺያን» የተባለ አሮጌ ሲኒማ ቤት በ2020 ገዝቶ፣ አድሶ በ2023 ከፍቶታል። የቤት ፊልም ነጋዴው የአዳራሽን ክብር ካወቀ እኛ ለምን እንንቀዋለን?

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አሳቤን አቀርባለሁ። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች መቀመጫውን ያጽዱ፣ ድምፁን ያስተካክሉ፤ አዳራሹ ባዶ በሚውልበት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላም ለተማሪ በግማሽ ዋጋ ይክፈቱ። ትምህርት ቤታችን በወር አንድ ቀን በአዳራሹ አንድ ጥሩ ፊልም አሳይቶ ከዚያ በኋላ ክርክር ቢያደርግ፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ስንገባ ስልካችንን እንዝጋ፤ የጎረቤታችንን ደስታ አናውክ።

በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ፈርቶት ነበር። ልጆቹ ግን ፍርሃቱን ትተው ገቡበት። የዛሬው ሥጋት ፍርሃት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ሰው የጠላው ቤት አንድ ቀን ሊወደድ ይችላል፤ ሰው የረሳው ቤት ግን ይፈርሳል። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በቤታችን የምናየውን በቤታችን እንይ፤ አብረን ልናየው የሚገባንን ግን አብረን ለማየት እንውጣ።