የዒድ ልብሳችንን ማን ይስፋው?



ረመዳን በተጋመሰ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ፤ የዒድ ልብስ ተዘጋጅቶ የተሰቀለው ይገዛ ወይስ ጨርቅ ተገዝቶ ይሰፋ? እኛ ከሚያሰፉት ወገን ነን። ሰፊዎቻችንን የምንወቅስበት ነገር ግን አለን።

ከዱባይ የሚመጣውን ዓባያ እንውሰድ። ላዩ ላይ ያለው 54 ወይም 56 የሚል ቁጥር የሚነግረን ቁመቱን በኢንች ነው፤ 54 ማለት 137 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስለ ትከሻና ስለ እጅጌ ምንም አይልም። ስለዚህ በቁመት ልክ የሆነው እጁ ያጥራል፣ ትከሻው የበቃው ደግሞ መሬት ይጠርጋል። ያኔ "ማሳጠር ነው" ተብሎ የሚኬደው ወደዚያው ወደ ልብስ ሰፊው ነው! ሰፊው ግን ከመጀመሪያውም ልክ ወስዶ ነው የሚቆርጠው። ለልጅ ሲሰፋማ ከታች ሰፋ ያለ እጥፋት ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ ተፈትቶ ይረዝማል።

ሙያውም የእኛው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ ስሙ መኪና ግርግር ነው፤ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የወጣ ስም።

ታዲያ ሰው ከሰፊ ለምን ሸሸ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ "ነገ ና"። ጨርቁን በረመዳን መጀመሪያ ሰጥቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ በዒድ ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ ሱቅ በር ላይ የቆመ አባት ለከርሞ ከየት እንደሚገዛ ግልጽ ነው። ጠዋት አሮጌ ለብሶ ለሰላት የሚወጣ ልጅ "መብራት ጠፍቶ ነው" ቢሉት አይገባውም። መብራት በእርግጥ ይጠፋል። ሰላሳ ልብስ የሚያደርስ ሰፊ ስድሳ የተቀበለው ግን መብራት ስለጠፋ አይደለም። ሱረቱል ማኢዳህ አማኞችን ጠርታ ገና ከመነሻዋ የምታዘው ውልን መሙላት ነው፤ የልብስ ቀጠሮም ውል ነው።

ደንበኛም ንጹሕ አይደለም። በሃያ ሰባተኛው ሌሊት ጨርቅ ታቅፎ መጥቶ "በአላህ፣ ለኔ ብለህ" የሚል አለ። እሱ ሲስተናገድ ቀድሞ የሰጠው ሰው ወረፋ ይዘለላል።

ስለዚህ ጨርቃችንን በሻዕባን እናስገባ። ሰፊዎችም ረመዳን 15 ላይ "ሞልቷል" የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ይለጥፉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የተሰቀለውን ይግዛ፤ አንቀየመውም።