ልጅቷ ብስክሌት ትንዳ፤ መንገዱን እንምረጥላት



አንዲት የሦስት ልጆች እናት በቅርቡ ያጫወቱን ነገር ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ ሆኗል። የ13 ዓመት ሴት ልጃቸው እንደ ታላቅ ወንድሟ ብስክሌት ልንዳ እያለች ትወተውታቸዋለች። ባለቤታቸው ፈቅደዋል። እሳቸውን ግን ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ነሥተዋቸዋል፤ አንደኛው መኪና፣ ሁለተኛው የጎረቤት አፍ ነው። ወንዱ ልጃቸው በጠየቀ ጊዜ ይህን ያህል እንዳልተጨነቁም አልሸሸጉንም። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ በመሆኑ አብረን እንመልከተው።

ስለ መኪናው የእኚህ እናት ሥጋት ትክክል ነው። መሪ መያዝ ያልለመደች ልጅ በታክሲና በጭነት መኪና መካከል ልትገባ አይገባም። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ አንዳንድ ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት ብስክሌታቸውን ይዘው ሲወጡ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ አለው፤ ይሁን እንጂ የእንጦጦ ከፍታ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ ዳገቱ ለጀማሪ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው ዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር እየተሠራ ነው። ሆኖም ልጅቷ እዚያ ከመድረሷ በፊት የምትለማመድበት ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል። ይህም ቦታ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የጠጠር መንገድ፣ በተለምዶ ፒስታ የምንለው ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ለማገናኘት በተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለመሥራት ታቅዶ ብዙ የጠጠር መንገድ ተዘርግቷል። መንገዱ የተሠራው ገበሬው እህሉን ገበያ እንዲያደርስ፣ ነፍሰ ጡሯም ጤና ጣቢያ እንድትደርስ ነው። በአዘቦት ቀን ግን በብዙው ላይ የሚያልፈው እግረኛ፣ አህያና ጋሪ ነው። ለለማጅ ብስክሌተኛ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ሆኖም የጠጠር መንገድ ሁሉ ጭር ያለ አይደለም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መንገዱ የሚያበቃው የት ነው? በአንድ ቀበሌ ወይም ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሚያበቃ ከሆነ መልካም ነው። ወደ ድንጋይ ካባ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ግንባታ ቦታ የሚያደርስ ከሆነ ግን ገልባጭ መኪና በአቧራ ጋርዶ ይመጣባችኋልና ተዉት። ሁለተኛ፣ የገበያው ቀን መቼ ነው? በዚያ ቀን ሰውና ከብት መንገዱን ይሞላዋል። ሦስተኛ፣ በአካባቢው ሰላም ነው? አራተኛ፣ ኃይለኛ ውሻ ያለበት ቤት አለ?

ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ቢሾፍቱን እንውሰድ። ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትንፋሽ ይቀላል። በዙሪያዋ ያለው በጤፉ የታወቀው የአድአ መሬት ደግሞ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ከባዱን ትራፊክ የፍጥነት መንገዱና አሮጌው አስፋልት ስለሚወስዱት ወደ እርሻው የሚገነጠሉት ትንንሽ መንገዶች ይቀልላቸዋል። ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ሲደርቅ መሄድ ይበጃል። በክረምት ግን የአድአ መረሬ አፈር ከጎማው ላይ ተጣብቆ መንኮራኩሩን አላዞር ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲታጨድና ሲወቃ ከደረሳችሁ፣ በከተማ ያደገች ልጅ የምትበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ በዓይኗ ታያለች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀመር። መቀመጫው ዝቅ ብሎ የልጅቷ ሁለት እግሮች መሬት ይንኩ። ሁለቱም ፍሬኖች በትክክል እንደሚይዙ ይፈተሹ። ፖምፓ፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ሙጫ ይያዝ፤ በገጠር ጎሚስታ አይገኝምና። ከተቻለ ሄልሜት ይገዛ። ረጅም ቀሚስና የነጠላ ጫፍ ካቴና ውስጥ ስለሚገባ ሱሪ ይመረጣል፤ የሱሪውም የቀኝ እግር ይታሰር። ለአፍንጫ ሻሽ፣ ለእያንዳንዱ ሰውም ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ አይረሳ። ጠዋት በ1 ሰዓት ተነሥቶ ፀሐይና ነፋስ ሳይበረቱ፣ ከ5 ሰዓት በፊት መመለስ ነው።

ጨርሶ የማታውቅ ልጅ ፔዳሉ ተፈትቶላት በእግሯ መሬቱን እየገፋች ሚዛን መጠበቅን ትማር፤ ከዚያ ፔዳሉ ይገጠምላታል። በመጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር መመለስ ይበቃል።

ጠጠር የራሱ ጠባይ አለው። ጎማው ሰፋ ያለ፣ ንፋሱም ለአስፋልት ከሚሞላው ትንሽ ያነሰ ቢሆን መሬቱን ይዞ ይሄዳል። በቁልቁለት የፊቱን ፍሬን በድንገት መያዝ ይጥላል፤ ስለሆነም ሁለቱን ፍሬኖች ቀስ አድርጎ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ መውረድ ነው። ወደ መታጠፊያ ከመግባት በፊት ፍጥነት ይቀነስ። ከብት ሲመጣ ወርዶ ዳር መቆም፣ እረኛውንም ሰላም ማለት ተገቢ ነው። ውሻ ከመጣ መሮጥ አይገባም፤ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእርጋታ መራመድ ነው። በተዘራ ማሳና በአውድማ ላይ መንዳት ደግሞ የሰው ልፋት መርገጥ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት አፍ እንመለስ። ብስክሌት የልጃገረድን ድንግልና ያጠፋል የሚለው ወሬ ስንቷን ልጅ በር ላይ አስቀርቷል! በ2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች በሰጡት የጋራ መግለጫ፣ የሴትን ድንግልና የሚያረጋግጥ ምንም ዓይነት ምርመራ እንደሌለ አስታውቀዋል። ሐኪም በምርመራ የማያውቀውን ነገር ጎረቤት ከብስክሌት መቀመጫ ላይ ልታነበው አትችልም። የልጅ ክብር በአስተዳደጓና በራሷ ፈቃድ እንጂ በኮርቻ አይለካም።

ሌላው ወሬ ብስክሌት የወንድ ነው የሚለው ነው። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ወንዶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዓለም ራሱ ለሴቶች የኦሊምፒክ ብስክሌት ውድድር አልፈቀደም ነበር። የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። በአሮጌው ኦሊምፒክ ወሬ እስከዚያ የቆየውን በር እኛ ደግሞ በየቤታችን ዘግተን አንቆይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በየቀኑ 60 ደቂቃ ያህል እንዲንቀሳቀሱ፣ አዋቂዎችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲያደርጉት ይመክራል። ቀኑን ሙሉ በወንበርና በምድጃ አጠገብ ለምንውል ለእኛም ምክሩ ይሠራል። ስለዚህ እናትም ትውጣ። መንዳት ባትችል በእግሯ ትከተል፤ ወይም ከልጇ ጋር አብራ ትማር። የእሑድ ጠዋቱን ቡናና የቤት ጽዳት ደግሞ አባትና ወንድም ይከፋፈሉት። ወንድሟ ሲነዳ እሷ ስታጥብ የኖረችበት እሑድ ለአንድ ቀን ቢገለበጥ ቤቱ አይፈርስም።

ለእኚያ እናት መልሳችን ይህ ነው፦ አደጋው ያለው በብስክሌቱ ላይ ሳይሆን በቦታው ነው። ስለሆነም ልጅቷን አይከልክሏት፤ ቦታውን ይምረጡላት። ጭር ባለ ጠጠር ላይ መሪዋን መያዝ የተማረች ልጅ ነገ ወደ አስፋልት ስትወጣ ዓይኗ የነቃ ይሆናል።